የሂንዲ ሥነ ጽሑፍን ከማኅበራዊ ዐውዱ ጋር አያይዞ ማጥናት፦ የፕሬምቻንድን «ከፈን» በምሳሌነት የያዘ ዝርዝር መመሪያ

የሂንዲን ልቦለድ ወይም ግጥም ከበቀለበት ኅብረተሰብ ጋር አያይዞ ማጥናት የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚከተለው የተለመደ መንገድ አለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሕንድን ታሪክ ይተርካል፤ በሁለተኛው የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ያስቀምጣል፤ በሦስተኛው የሥራውን ጭብጥ አሳጥሮ ያቀርባል፤ በመጨረሻም «ደራሲው የዘመኑን ኅብረተሰብ በሚገባ አንጸባርቋል» ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ባለው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ሐሰት ላይገኝ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ታሪኩና ጽሑፉ ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ ስላልተገናኙ ጥናት ብሎ መጥራቱ ይከብዳል። ይህ መመሪያ የሚከተለው ሌላ አካሄድ ነው፤ ማኅበራዊ ዐውዱን ከጽሑፉ ዝርዝሮች፣ ማለት ገንዘቡን ማን ሰጠ፣ ማን ተናገረ፣ ማን ዝም አለ፣ ጽሑፉስ በየትኛው መጽሔት ወጣ ከሚሉት ጥያቄዎች ተነሥቶ መፈለግን ያሳያል።

ለማሳያነት የተመረጠው በሂንዲና በኡርዱ የጻፈው የሕንዳዊው ደራሲ የፕሬምቻንድ አጭር ልቦለድ «ከፈን» ነው። ታሪኩ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ ያልቃል። ደራሲው ያረፈው በ1936 ስለሆነና የሕንድ ሕግ የደራሲን መብት ከሞቱ በኋላ ለ60 ዓመት ብቻ ስለሚጠብቅ፣ ጽሑፉን በነጻ ማግኘት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ግን በዚህ ታሪክ ላይ የተነሣው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። ክርክር የሌለበት ሥራ ለጀማሪ አጥኚ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሞግተው ሐሳብ ስለማያገኝ ሳያስበው ከማጥናት ወደ ማድነቅ ያዘነብላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

1. ሥራውን መርጦ ጥያቄውን ማጥበብ

የታሪኩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በአንድ ብርዳማ ሌሊት አባትና ልጅ፣ ጊሱና ማዳቭ፣ ከጎጇቸው ደጃፍ ሊጠፋ በደረሰ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ውስጥ የማዳቭ ሚስት ቡዲያ ምጥ ይዟት ትጮኻለች። ሁለቱ ከሰው ማሳ ቆፍረው ያመጡትን ድንች እየጠበሱ ይበላሉ፤ አንዱ ሊያያት ቢገባ ሌላው የበዛውን ድንች ይጨርስበታል ብሎ ስለሚሰጋ ማንም ከቦታው አይነሣም። ሲነጋ ቡዲያ ሞታለች፤ ፅንሱም በሆዷ ሞቷል። አባትና ልጅ ለከፈን መግዣ መጀመሪያ ከዛሚንዳሩ፣ ማለት ከባለርስቱ፣ ቀጥሎም ከመንደሩ ነጋዴዎችና አራጣ አበዳሪዎች ለምነው 5 ሩፒ ይሞላላቸዋል። ገበያ ወርደው ጨርቅ ሲያማርጡ ይውሉና ሲመሽ እግራቸው ወደ መጠጥ ቤት ይመራቸዋል። በከፈኑ ገንዘብ ይጠጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ፤ በመጨረሻም ሰክረው ይወድቃሉ።

ይህን ያነበበ ተማሪ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «በፕሬምቻንድ ሥራዎች ውስጥ የካስት ሥርዓት (በውልደት የሚወረሰው የማኅበራዊ ደረጃ ክፍፍል) እንዴት ተገልጿል?» የሚል ይሆናል። ይህ ጥያቄ ከመጠን በላይ ሰፊ ነው። ፕሬምቻንድ ወደ 300 የሚጠጉ አጫጭር ልቦለዶችና ከ10 የሚበልጡ ረጃጅም ልቦለዶች ጽፏል፤ ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ የሚሰጥ ሰው ቢገኝ አንዱንም በቅጡ አላነበበም ማለት ነው። የተሻለው ጥያቄ በጽሑፉ ገጽ ላይ ጣት ተቀስሮ ሊመለስ የሚችል ነው። ለምሳሌ፦ «የከፈን» ተራኪ ለጊሱና ለማዳቭ ስንፍና የሚሰጠው ምክንያት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው ወይስ ይለዋወጣል? ቢለዋወጥስ የትኛውን አንባቢ ለማሳመን ነው? ከዚህ በኋላ የሚመጡት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ጥያቄ ይዘው የሚሄዱ ናቸው።

2. የትኛውን «ከፈን» እንደሚያነቡ መወሰን

የሂንዲ ሥነ ጽሑፍ አጥኚ በቸልታ የሚያልፈው፣ በኋላም ዋጋ የሚያስከፍለው ደረጃ ይህ ነው። «ከፈን» መጀመሪያ የወጣው በሂንዲ አይደለም። በታኅሣሥ 1935 ዴልሂ በሚገኘው በጃሚያ ሚሊያ ኢስላሚያ ዩኒቨርሲቲ መጽሔት በ«ጃሚያ» ላይ በኡርዱ ታተመ፤ በሚያዝያ 1936 ደግሞ አላሃባድ ይታተም በነበረው በ«ቻንድ» መጽሔት ላይ በሂንዲ ወጣ። ስለዚህ አጥኚው «ጽሑፉ» ብሎ ሲጠራ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ በጥናቱ መግቢያ በግልጽ ማስፈር አለበት። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያነብ ሰው አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ቢያስተያያቸው የተሻለ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቃላት ብቻ ሳይሆኑ ዐረፍተ ነገሮችም ይለያያሉ።

ነገሩ የደራሲው የግል ምርጫ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በሰሜን ሕንድ በዐረብ ፊደል የሚጻፈው ኡርዱና በዴቫናጋሪ ፊደል የሚጻፈው ሂንዲ በሰዋስው አንድ ዓይነት መሠረት ያላቸው ሲሆኑ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግን የሁለት ወገኖች አርማ ወደ መሆን ደርሰው ነበር። በ1893 በባናራስ የተቋቋመው የናጋሪ ፕራቻሪኒ ሳባ የዴቫናጋሪን ፊደል ለማስፋፋት የተነሣ ማኅበር ነበር፤ በ1900 የእንግሊዝ አስተዳደር በሰሜን ምዕራብ አውራጃዎችና በአዋድ ፍርድ ቤቶች ዴቫናጋሪ ከኡርዱ ፊደል ጎን እንዲሠራበት ፈቀደ። ፍርድ ቤት የሚቀበለው ፊደል የሥራ ዕድልን ይወስናልና የፊደል ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄም ነበር። በ1880 በባናራስ አጠገብ ባለችው በላምሂ መንደር ዳንፓት ራይ ተብሎ የተወለደው ፕሬምቻንድ የካያስታ ተወላጅ ነው፤ የካያስታ ወገን ከሙጋሎች ዘመን ጀምሮ በጽሕፈትና በመዝገብ ቤት ሥራ የኖረ፣ ፋርስኛና ኡርዱ የለመደ ነው። የመጀመሪያ ሥራዎቹን በኡርዱ ጻፈ፤ በ1908 ያወጣው የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ በእንግሊዞች ከተወረሰበት በኋላ «ፕሬምቻንድ» የሚለውን የብዕር ስም ያዘ። በኋላ የሂንዲ አንባቢና አሳታሚ እየሰፋ ሲሄድ ወደ ሂንዲ አዘነበለ፤ የመጀመሪያው ታላቅ የሂንዲ ልቦለዱ «ሴቫሳዳን» በኡርዱ የተጻፈ ቢሆንም በሂንዲ ቀድሞ ታትሟል፤ ኡርዱው የወጣው በ1924 ነው።

የታተመበትን መጽሔት መመርመርም ከዚሁ ደረጃ አይለይም። «ቻንድ» የሴቶችን ጉዳይ በስፋት የሚያነሣ፣ በ1927 ስለ «የማይነኩ» ወገኖች፣ ማለት በካስት ሥርዓቱ ከሁሉ በታች ስለ ተገፉት፣ ልዩ እትም ያወጣ መጽሔት ነበር። እንግዲህ ታሪኩን በሂንዲ መጀመሪያ ያነበበው ሰው እንደ ጊሱ ያለ ሰው አይደለም፤ የተማረ፣ ከላይኛው ካስት የተወለደ፣ ማኅበራዊ ተሐድሶን የሚደግፍ ወይም የሚከራከርበት የከተማ ሰው ነው። ይህን በማስታወሻ ደብተራችን ጽፈን እንያዘው፤ ወደ ኋላ ላይ ይፈለጋል።

ሂንዲም ኡርዱም የማያነብ አጥኚ በትርጉም መሥራት ይችላል፤ ሆኖም በአንድ ትርጉም ብቻ መተማመን የለበትም። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፍራንሲስ ፕሪቼት የተረጎሙት የእንግሊዝኛ ቅጂ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ይህን ከሌላ የታተመ ትርጉም ጋር አስተያይቶ፣ ሁለቱ በተለያዩበት ቦታ ሁሉ ሂንዲ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይገባል። ወደ ሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች በነጻ የትምህርት ዕድል የሄዱ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ የሂንዲ ትምህርት ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሚማሩበት ሕንፃ ሩቅ አይደለም።

3. በዝግታ ማንበብ፦ ገንዘቡን፣ ምግቡንና ድምፁን መከተል

በመጀመሪያው ንባብ ታሪኩን ብቻ ማንበብ ይበቃል። በሁለተኛው ንባብ አጥኚው እርሳስ ይዞ ሦስት ነገሮችን ይከተል፤ ገንዘብ የሚነሣበትን ቦታ ሁሉ፣ ምግብ የሚነሣበትን ቦታ ሁሉ፣ የሚናገረውን ሰው ሁሉ። ይህ ሥራ አሰልቺ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ማኅበራዊ ሳይንስ ከሥነ ጽሑፍ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡን ስንከተል ይህን እናገኛለን። ቡዲያ በሕይወት ሳለች፣ መንፈስ ለማስወጣት አዋቂ ቢጠራ እንኳ 1 ሩፒ እንደሚጠይቅ ይነገራል፤ ያ ሩፒ የለም። ልጅ ቢወለድ ለአራስ የሚሆን ዝንጅብል፣ የሸንኮራ ስኳርና ዘይት በቤት አለመኖሩ ያሳስባቸዋል፤ ጊሱ ግን ዛሬ ሳንቲም የማይሰጡት ሰዎች ነገ ጠርተው ይሰጣሉ ብሎ ልጁን ያጽናናዋል። ቡዲያ በሞተች ማግስት ዛሚንዳሩ 2 ሩፒ ይወረውርላቸዋል፤ ከንፈሩን መጥጦ ሳይሆን ተጸይፎ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያይ ነው። ጊሱ የዛሚንዳሩን ስም ሲያወሳ ሌሎቹም እምቢ ማለት ስለሚያፍሩ በጥቂት ጊዜ 5 ሩፒ ይሞላል። እንግዲህ በዚያ መንደር ውስጥ ለሕያዋን የማይገኝ ገንዘብ ለሬሳ ይገኛል፤ የገንዘቡን መንገድ የሚከፍተውም የአንድ ባለሥልጣን ስም ነው። ይህን ሁሉ ተራኪው በሐተታ አልነገረንም፤ ቁጥሮቹን ብቻ አስቀመጠልን። ጊሱ ይህን ሲያሳጥረው፣ በሕይወቷ ሳለች ገላዋን የምትሸፍንበት ቡትቶ ያልነበራት ሴት ስትሞት አዲስ ከፈን ይገባታል የሚለው ልማድ ምንኛ ክፉ ነው ይላል። አጥኚው ይህን ንግግር ሲጠቅስ የጊሱ ንግግር እንጂ የደራሲው ፍርድ አለመሆኑን መለየት አለበት፤ ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ይስታሉ።

ምግቡም የራሱ መንገድ አለው። ሌሊቱ በተሰረቀ ድንች ይጀምራል። ድንቹ እየፋጀው ሳለ ጊሱ ከ20 ዓመት በፊት በአንድ ታኩር፣ ማለት በአንድ ባላባት፣ ቤት የበላውን የሠርግ ግብዣ ያስታውሳል፤ ሁሉም እስኪጠግብ የበላበት፣ በሕይወቱ አንዴ ብቻ የሆነ ቀን ነው። በመጨረሻ መጠጥ ቤት ተቀምጠው 2 ሴር ፑሪ፣ ማለት ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ በዘይት የተጠበሰ ቂጣ፣ ከአቻርና ከጉበት ጋር ያዝዛሉ። ከዚያም የተረፈውን ለአንድ ለማኝ ይሰጣሉ፤ ማዳቭም የመስጠትን ኩራት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቀምሳል። በእኔ አመለካከት ይህች ትንሽ ትዕይንት ከስካሩ ይልቅ ትልቅ ናት። ሁለቱ ሰዎች የፈለጉት መብላት ብቻ አልነበረም፤ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢሆን የሚሰጥ ሰው በሚቆምበት ስፍራ ቆመዋል፤ የሰጪና የተቀባይ ሥርዓት ለተቀባዩ እንኳ ምን ያህል የሚያጓጓ ሥልጣን እንደሆነ እዚህ ይታያል።

ሦስተኛው፣ የሚናገረው ማን ነው? ቡዲያ በታሪኩ ሁሉ አንድ ቃል አትናገርም። ጩኸቷ ይሰማል፤ ሥራዋ ይነገራል፤ ወደዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ እህል እየፈጨችና ሣር እያጨደች ሁለቱን ማብላቷን እናውቃለን። ስለ እርሷ ግን ሌሎች ይናገራሉ። የመንደሩ ሴቶች መጥተው ሬሳዋን አይተው ጥቂት እንባ አፍስሰው ይሄዳሉ፤ ስለ ሕይወቷ የሚጠይቅ የለም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስና ተራኪውን እንመርምረው። በመጀመሪያ ገጾች ተራኪው ሁለቱን የሚያስተዋውቀን በካስታቸው ስም፣ በመንደሩ ሁሉ የተናቁ ቻማሮች፣ ማለት «ከማይነኩት» ወገኖች የአንዱ አባላት፣ መሆናቸውን በመጥቀስ ነው። ጊሱ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ያርፋል፤ ማዳቭ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ አንድ ሰዓት ጋያውን ያጨሳል፤ በመንደሩ ግን ለሚሠራ ሰው ሥራ አልጠፋም ይላል። ይህ የስንፍና ክስ ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ተራኪው ታሪኩን አቁሞ ራሱ ይናገራል። ሌት ተቀን የሚለፉት ገበሬዎች ኑሮ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ኑሮ ብዙ በማይሻልበት፣ ከገበሬዎቹ ድካም መጠቀም የሚያውቁት ግን በብዙ በሚበለጽጉበት ኅብረተሰብ እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ቢወለድ አያስገርምም ይላል፤ እንዲያውም «እኛ» በሚል ቃል ጀምሮ፣ ጊሱ ከገበሬዎቹ ይልቅ አስተዋይ ነው ብሎ ይፈርዳል። ይህ ደግሞ የሥርዓት ክስ ነው። ሁለቱ ክሶች በአንድ ታሪክ ውስጥ ተቀራርበው አሉ፤ አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ አይሽረውም።

አጥኚው ይህን ቅራኔ ቶሎ ለመፍታት መቸኮል የለበትም። «እኛ» የሚለው ማን ነው? ከዚህ በፊት በማስታወሻ የያዝነው የ«ቻንድ» አንባቢ እዚህ ይመጣል። ተራኪው ስለ ጊሱ ለጊሱ አይናገርም፤ ጊሱን በስንፍናው ለሚንቅ፣ ምናልባትም በቤቱ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ላለው የተማረ ሰው ይናገራል። በመጀመሪያ ያ አንባቢ የሚያምነውን የስንፍና ክስ ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ ክሱን ወደ እርሱ ያዞርበታል። ይህ አንድ ንባብ ነው፤ ሌላ ንባብም ይቻላል፤ ግን በገጹ ላይ የተመሠረተ ነው።

4. ዓመቱን መክፈት

ከጽሑፉ ከወጡት ጥያቄዎች ጋር ብቻ ወደ ታሪክ መሄድ ይገባል። «ከፈን» በሂንዲ የወጣበት ሰሞን እጅግ የተጨናነቀ ነው። ከ1929 በኋላ በዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት የእህል ዋጋ ወርዶ የመሬት ኪራዩና ዕዳው ግን በገበሬው ጫንቃ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ጊሱ ከገበሬዎቹ ጋር ላለመሰለፍ የመረጠበትን ምክንያት ያለዚህ መረዳት አይቻልም። ዛሚንዳሩ ሁለቱን አስቀድሞ በገዛ እጁ የደበደባቸው ስለ መስረቃቸው ብቻ ሳይሆን ቃል ገብተው ለሥራ ባለመምጣታቸውም ነው፤ ይህ ሥልጣን ባናራስ በምትገኝበት በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር የተሰረዘው ከነጻነት በኋላ በወጣው የዛሚንዳሪ መሻሪያ ሕግ ነው።

በመስከረም 1932 ጋንዲ በየራዋዳ ወኅኒ ቤት ሆነው፣ «የማይነኩት» ወገኖች ለብቻቸው ተወካይ እንዲመርጡ የእንግሊዝ መንግሥት ያወጣውን ውሳኔ በመቃወም ጾመው ነበር፤ ፍጻሜው የእነዚያ ወገኖች መሪ ከነበሩት ከአምቤድካር ጋር የተደረገው የፑና ስምምነት ሆነ። በዚሁ ዓመት ፕሬምቻንድ «የታኩሩ ጉድጓድ» የተባለውን አጭር ልቦለድ አወጣ፤ በዚያ ውስጥ ጋንጊ የተባለች ሴት ለታመመ ባሏ ንጹሕ ውኃ ለመቅዳት በሌሊት ወደ ባላባቱ ጉድጓድ ሄዳ በፍርሃት ባዶ እጇን ትመለሳለች። በሚያዝያ 1936 ፕሬምቻንድ በላክናው በተደረገው የተራማጅ ደራስያን ማኅበር ጉባኤ ላይ የሊቀ መንበርነቱን ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት አምቤድካር ሊያነቡት ተጋብዘው፣ ጋባዦቹ ፈርተው ስብሰባውን የሰረዙትን ካስትን ስለ ማጥፋት የተጻፈ ንግግር በራሳቸው ገንዘብ አሳተሙ።

እስካሁን የጠቀስሁት ዐውድ የታወቀ ነው። ብዙ አጥኚዎች የሚዘሉት ሌላው ዐውድ ግን በጽሑፉ ውስጥ የሌለው ነው። በ1914 «ሳራስዋቲ» የተባለው የአላሃባድ መጽሔት ሂራ ዶም የተባለ ሰው በቦጅፑሪ የጻፈውን፣ «የማይነካው» ሰው አቤቱታውን የሚያሰማበትን ግጥም አትሟል። በ1920ዎቹ ደግሞ በእነዚያው የሰሜን ሕንድ አውራጃዎች ስዋሚ አቹታናንድ የመሩት የአዲ ሂንዱ ንቅናቄ ስብሰባ ይጠራ፣ ጋዜጣ ያትም ነበር። በሌላ አነጋገር ጊሱና ማዳቭ በተጻፉበት ዘመን የእነርሱ ወገን የሆኑ ሰዎች ተደራጅተው፣ ጽፈው፣ ተከራክረው ነበር። በ«ከፈን» መንደር ከዚህ አንዱም አይደርስም። ይህ ማለት ደራሲው ዋሸ ማለት አይደለም፤ ብዙ መንደሮች እንዲያ ነበሩ። ሆኖም ዳሊት (ዛሬ «የማይነኩት» ወገኖች የሚጠሩበት ስም ነው) በታሪኩ ውስጥ የሚታዘንለት ወይም የሚያስፈራ ሰው ሆኖ ይገኛል እንጂ የሚያስብ የፖለቲካ ሰው ሆኖ አይገኝም፤ አጥኚው የሌለውን ነገር እንደ ማስረጃ ሲቆጥር ግን ያ ነገር በዘመኑ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል። እኛ አሁን ያደረግነው ይህንን ነው።

5. ሃያስያንን በየዘመናቸው ማስቀመጥ

ስለ ሂንዲ ሥነ ጽሑፍ የተጻፉ ሂሶችን እንደ ዳኛ ቃል መጥቀስ የተለመደ ስሕተት ነው። ሃያሲውም በኅብረተሰብ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። የሂንዲ ሥነ ጽሑፍን ታሪክ በአራት ዘመን ከፍሎ ዛሬም ድረስ በትምህርት ቤት የሚሠራበትን ቅርጽ የሰጠው ራምቻንድራ ሹክላ ነው፤ በ1929 የወጣው መጽሐፉ በናጋሪ ፕራቻሪኒ ሳባ የታተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት መግቢያ ሆኖ የተጀመረ ነበር። ሹክላ ከጥንት ገጣሚዎች ቱልሲዳስን ከፍ አድርጎ ያይ ነበር፤ ለሌላው ገጣሚ ለካቢር ግን ያን ያህል ግምት አልሰጠም። በ1942 ሀዛሪ ፕራሳድ ድዊቬዲ ስለ ካቢር በጻፈው መጽሐፍ ይህን ሚዛን ለወጠው። ይህ ከ«ከፈን» ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁለቱ ሰካራሞች በመጨረሻ የሚዘፍኑት በካቢር ስም የሚታወቅ፣ አታላይቱን ዓለም የሚወቅስ መዝሙር ነው። ካቢርን እንደ ማዕከላዊ ገጣሚ የሚቆጥር አንባቢና ከዳር የሚያስቀምጠው አንባቢ ያንን ዘፈን በአንድ ዓይነት አይሰሙትም።

በ1950ዎቹ ራምቪላስ ሻርማ ፕሬምቻንድን ከማርክሳዊ አቋም ተነሥቶ የገበሬውና የፀረ ቅኝ ግዛት ትግል ደራሲ አድርጎ አቀረበው። የመደብ ጥያቄ በዚህ ንባብ ጎልቶ ይወጣል፤ ካስት ግን በመደብ ውስጥ ይዋጣል። ለእነዚህ ሦስት ሃያስያን በጥናቱ ውስጥ ከሁለት ገጽ በላይ መስጠት አያስፈልግም፤ ዓላማው ንባቡ ከየት እንደ መጣ ማሳየት ብቻ ነው።

6. የዳሊት ጸሐፍትን ተቃውሞ እንደ ጥናት ማንበብ

በሐምሌ 31 ቀን 2004፣ በፕሬምቻንድ የልደት ቀን፣ አንድ የዳሊት ሥነ ጽሑፍ ማኅበር ዴልሂ ላይ «ራንግብሁሚ» የተባለውን ልቦለዱን በአደባባይ አቃጠለ፤ ምክንያቱ በልቦለዱ ውስጥ የካስት ስም በስድብ መልክ ተደጋግሞ ተጠቅሷል፣ መጽሐፉም ለተማሪዎች ይሰጣል የሚል ነበር። ብዙ የሂንዲ ምሁራን ድርጊቱን አወገዙ። አጥኚው በማቃጠሉ ቢስማማም ባይስማማም ከኋላው ያለውን ክርክር በቁም ነገር መውሰድ አለበት።

ክርክሩን በተሻለ ሁኔታ የሚያቀርቡት መጻሕፍት ናቸው። ኦምፕራካሽ ቫልሚኪ በ1997 ባወጣው «ጁታን» በተባለው የሕይወት ታሪኩ፣ ርእሰ መምህሩ ከክፍል አውጥቶ የትምህርት ቤቱን ግቢ እንዴት ያስጠርገው እንደ ነበር ጽፏል፤ የመጽሐፉ ስም ከሌላ ሰው ሳህን የተረፈ ትርፍራፊ ማለት ነው። ቫልሚኪና ሌሎች የዳሊት ሃያስያን የሚያነሡት ዋና ልዩነት በራስ ልምድና በርኅራኄ መካከል ያለው ነው፤ ርኅራኄ ያለው ደራሲ የሌላውን ሥቃይ ያያል፣ ግን ሥቃዩን በውስጥ ሆኖ አያውቀውም ይላሉ። በዚህ ዓይን ሲታይ «ከፈን» ችግር አለበት፤ ምክንያቱም የዳሊት ባልና አማት የምትሞትን ሴት ትተው ድንች ሲበሉ ማሳየት በላይኛው ካስት ዘንድ የቆየውን ጥላቻ የሚያጸና ነውና። የፕሬምቻንድ ተከላካዮች መልስ ደግሞ ሰብአዊነትን የሚገፈው ሥርዓቱ መሆኑን ታሪኩ ራሱ ይናገራል የሚል ነው። በሦስተኛው ደረጃ ያየናቸው ሁለት ክሶች እዚህ ይመለሳሉ፤ አንዱ ወገን የመጀመሪያውን፣ ሌላው የሁለተኛውን ገጽ ይዞ ይከራከራል።

ማስረጃ እስከ የት ይሄዳል የሚለውን ለመለካት የዳርምቪር ንባብ ጥሩ መፈተኛ ነው። ዳርምቪር ቀደም ሲል የድዊቬዲን የካቢር ንባብ የሞገተ የዳሊት ሃያሲ ሲሆን፣ ስለ ፕሬምቻንድ በጻፈው መጽሐፍ የቡዲያ ፅንስ የዛሚንዳሩ እንደ ነበር፣ የባልና የአማት ቸልታም ከዚህ የመጣ እንደ ሆነ ተከራከረ። ዛሚንዳሮች በዳሊት ሴቶች ላይ ያደርሱት የነበረው በደል በታሪክ የተረጋገጠ ነው፤ በ«ከፈን» ገጽ ላይ ግን ይህን የሚናገር ዐረፍተ ነገር የለም። ስለዚህ ንባቡ ስለ ዘመኑ እውነት ሊናገር ይችላል፤ ስለ ጽሑፉ ግን መላምት ሆኖ ይቀራል። የዳሊት ሴቶች ጸሐፍት በዳርምቪር ላይ በብርቱ ተነሥተዋል፤ ደራሲውን ለመክሰስ ሲል የሴቲቱን ገላ ዳግመኛ የወንዶች መከራከሪያ አድርጎታልና። ካውሻልያ ባይሳንትሪ በ1999 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ በካስትም በጾታም የደረሰባትን ድርብ እርግማን ጽፋለች፤ ያንን መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ ወደ ዝምተኛዋ ቡዲያ የሚመለስ አንባቢ ዝምታዋን እንደ በፊቱ አያልፈውም።

7. መጻፍ

ከዚህ ሁሉ በኋላ አጥኚው ሊጽፈው የሚገባው ማዕከላዊ ሐሳብ «ፕሬምቻንድ የዳሊቶች ወዳጅ ነው» ወይም «ጠላት ነው» የሚል ፍርድ አይሁን። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለምሳሌ ያህል ይቻላል፦ «በከፈን ውስጥ ተራኪው የስንፍናን ክስ ለላይኛው ካስት አንባቢ አቅርቦ መልሶ ይሰብርበታል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ለዳሊት ገጸ ባሕርያቱ ድምፅ በመስጠት ሳይሆን ስለ እነርሱ በመናገር ነው፤ ስለዚህ የሥርዓቱ ትችትና የዳሊት ጸሐፍት ቅሬታ በአንድ ገጽ ላይ አብረው ይቆማሉ።» ይህ ሐሳብ ሊሞገት ይችላል፤ የሚሞግተው ሰውም ገጹን መክፈት ይኖርበታል።

ጽሑፉን ሲያዋቅር የሕንድን ታሪክ በመጀመሪያ ምዕራፍ አያስቀምጥ። ገንዘቡን በሚተነትንበት ክፍል ዛሚንዳሪን፣ «እኛ» የሚለውን ተራኪ በሚተነትንበት ክፍል የመጽሔቶቹን ታሪክ፣ ዝምታን በሚተነትንበት ክፍል የአዲ ሂንዱ ንቅናቄን ያስገባ። የደራሲው የሕይወት ታሪክም ከአንድ አንቀጽ አይብለጥ፤ በ1921 የመንግሥት ሥራውን መልቀቁና በ1930 «ሃንስ» የተባለውን መጽሔት ማቋቋሙ ለክርክሩ የሚጠቅሙ ከሆነ ይገቡ፣ ካልሆነ ይቅሩ። የታሪኩን ማጠቃለያ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ሰጥቶ ማለፍ ይበቃል።

አንድ የሥነ ምግባር ጉዳይ አለ። «ቻማር» የሚለው ቃል የካስት መጠሪያ ሲሆን በሰሜን ሕንድ በስድብነት ይሠራበታል፤ በ1989 የወጣው ሕግ የተመዘገቡ ካስቶችን አባል በአደባባይ ሆን ብሎ ማዋረድን ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ ቃሉ በጥቅስ ውስጥ ሲመጣ እንዳለ ይጻፍ፤ በአጥኚው በራሱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን «ዳሊት» ይበል፤ የዚህንም ምክንያት በግርጌ ማስታወሻ ያስረዳ። ይህ የአክብሮት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አጥኚው ከተራኪው የተለየ ሰው መሆኑን የሚያሳይበት መንገድም ነው።

በመጨረሻ ረቂቁ ሲያልቅ፣ ክርክሩ የተመሠረተባቸው ጥቅሶች በሙሉ በሂንዲው ወይም በኡርዱው ቅጂ ከየት እንዳሉ ይመልከት፤ በትርጉም ብቻ የተገኘ፣ በመጀመሪያው ቋንቋ ያልተረጋገጠ ጥቅስ ካለ የክርክሩ ምሰሶ አያድርገው። በ«ከፈን» ላይ ይህን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ «የታኩሩ ጉድጓድ»ን ከ«ጁታን» ጋር አጣምሮ ቢይዝ ይመከራል፤ በመጀመሪያው ውስጥ ጋንጊ በልቧ የምትለው አለ፣ በሁለተኛው ደግሞ ተራኪው ራሱ ዳሊት ነው።